የአስቦና የጌራ ሣር

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አያቴን ልጠይቅ ወደ መንዝ ጌራ ምድር ወጣሁ። ቤቷ ከመሐል ሜዳ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ትልቁ ቤት ቆርቆሮ ከለበሰ ቆይቷል። ማድ ቤቱ ግን እስካሁን የሣር ክዳን ነው፤ እሱም አርጅቶ በአንድ ወገን ሰማይ ያሳያል። «ክረምት ሳይገባ እናስከድነው፤ ብሩን እኔ እሰጣለሁ» አልኳት። እማማ እንደ ሕፃን ልጅ አየችኝ። «ብር ምን ያደርጋል ልጄ፤ ጓሳው እኮ ዝግ ነው» አለች።

ባንክ ይዘጋል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔትም እንደሚዘጋ ከማንም በላይ የኔ ቢጤ ኮድ ጽፎ አዳሪ ያውቀዋል። ሣር ይዘጋል ሲባል ግን ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ዘንድሮ አይታጨድም፤ ሲደርስ ይነገራል» ብላ ወደ ምጣዷ ዞረች።

ጓሳን እስከዚያ ቀን የማውቀው እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ልጅ በፎቶግራፍ ነበር። ጭጋግ የለበሰ ሜዳ፣ ደረታቸው ቀይ ጭላዳዎች፣ በርቀት አንዲት ቀይ ቀበሮ። ያ ሁሉ ውበት የአንድ የቆየ ስምምነት ትርፍ መሆኑን፣ ስምምነቱም ስለ ክዳንና ስለ ግጦሽ እንጂ ስለ ቀበሮ እንዳልነበረ የተረዳሁት በዚያች ቀዳዳ ማድ ቤት ምክንያት ነው። ከተመለስኩ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ያነበብኩትን ይዤ ደግሞ ለእማማ ደጋግሜ ደወልኩ። አንዳንዱን አረመችው።

ቦታውን ለማያውቅ ሰው፦ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ አልፎ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ይታጠፋል። በመዘዞ፣ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይደርሳል። ጓሳ ከከተማዋ ባሻገር በምሥራቅ በኩል በገደሉ አፋፍ ላይ የተዘረጋ ደጋ ነው፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር። በምሥራቅ ገደሉ ወደ ኤፍራታ ቆላ ይወድቃል። በዚያ ወገን የሚወርደው ውኃ አዋሽን ተከትሎ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል፤ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ሰው የሚኖረው ከሜዳው ግርጌ ነው። ላይኛው ሰማይና ሣር ብቻ ነው፤ ሌሊት ውርጩ ውኃ ያረጋል።

ጓሳ የቦታው ስም ብቻ አይደለም፤ የሣሩም ስም ነው። ሣሩ ቁመቱ ረዘም፣ ቅጠሉ ቀጠን ብሎ በእፍኝ በእፍኝ የሚበቅል፣ ጠንካራ፣ ዝናብ የማያስገባ ነው። መንዝ ዛፍ የቸገረው አገር በመሆኑ ቤቱ የድንጋይ ካብ ነው፤ ማገዶው በአብዛኛው ኩበት ነው። ድንጋዩን የሚከድነው ይህ ሣር ነበር። ገመድ ይገመድበታል፣ ጅራፍ ይሠራበታል፤ እረኛ ዝናብ የሚያሳልፍበት ጌሳ የሚታታው ከሱ ነው። ገብሱ በውርጭ ሲመታ፣ የቆላው ድርቆሽ ሲያልቅ፣ በጉም ላሙም የሚተርፈው እዚያ ላይ ነው። የመንዝ በግ ደግሞ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ሴቶች ጠጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶች ባና ይሸምኑታል። ባና ሳይደርብ በዚያ ብርድ የሚያድር ሰው እስካሁን አላየሁም። እንግዲህ ክዳኑም፣ ገመዱም፣ በጉም፣ በበጉ በኩል ብርድ ልብሱም ዞሮ ዞሮ መነሻው ያ ሜዳ ነው። ሣሩ ቢጠፋ የሚጠፋው ሣር ብቻ አልነበረም።

ስለ መንደር ታሪክ ስጽፍ አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ መንደር ሲባል በአንድ መንገድ ዳርና ዳር የተሰለፉ ቤቶች ናቸው። መንዝ ውስጥ እንዲህ ያለ መንደር ብዙም የለም። ቤቶቹ በየጉብታው፣ በዘመድ በዘመድ፣ ሦስትም አምስትም ሆነው የተበታተኑ ናቸው። ሰውን አንድ የሚያደርገው የቤቶቹ መጠጋጋት ሳይሆን ደብሩ ነው፦ ልጁ ክርስትና የሚነሣበት፣ ሬሳው የሚያርፍበት፣ ሰንበቴ የሚጠጣበት፣ ነገር የሚሰማበት። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ መንዝን ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን፣ የኛ ሰዎች «ጋሽ ሊበን» የሚሉት፣ መንዜ ለርስቱ ያለውን ፍቅርና ለርስት ሲል የሚገጥመውን ሙግት በሰፊው ጽፏል። ሌቪን ተሳስቷል የሚሉ አሉ፤ ስለ ሙግቱ ግን እማማንም ብትጠይቋት ትስማማለች። በነገራችን ላይ እሷ ራሷ ለሁለት ጥማድ መሬት ስንት ዓመት ፍርድ ቤት እንደተመላለሰች ማስታወስ አቁማለች።

ታዲያ ለድንበር ድንጋይ እንዲህ የሚሟገት ሕዝብ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ሜዳ ሳይከፋፈል፣ ሳያርስ፣ ዘመናት እንዴት አቆየ?

መልሱ የሚጀምረው ከዚያው ከርስት ነው። የአገሩ ትውፊት መንዝን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ። ሦስቱም የሰው ስም ናቸው ይባላል። ዛሬም መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ጌራ ምድር የሚባሉ ወረዳዎች አሉ። ጓሳን ያቀኑት አባቶች ደግሞ አስቦና ጌራ ናቸው፤ ጊዜውም 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ነጋሲ ክርስቶስ ከመንዝ ተነሥቶ በኋላ እስከ ሣህለ ሥላሴና እስከ ምኒልክ የሚደርሰውን የሸዋ ሥርወ መንግሥት ጀመረ። አስቦና ጌራ መሬቱን የተካፈሉት በፈረስ ሽቅድምድም ነው ይላሉ ሽማግሌዎች፤ ፈረስ የደከመበት ድንበር ሆነ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን መንዜ ስለ ድንበር ተረት ቢፈጥር ፈረስ ያለበት መሆኑ አይገርመኝም። ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ አቅኚዎቹ ሜዳውን ለግጦሽና ለሣር ብለው ለይተው ትተውታል። የእነሱ ዘር የሆነ ሁሉ፣ በአባቱም በእናቱም ቢቆጠር፣ በአጽመ ርስት የመጠቀም መብት አለው። አንድም ሰው ግን ቆርሶ «የኔ» ሊለው አይችልም።

ሜዳውን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ቄሮ ይባል ነበር። ዛሬ ቄሮ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ሌላ ነው፤ ይኼ ከዚያ ጋር ግንኙነት የለውም። የአስቦ ወገንና የጌራ ወገን እያንዳንዳቸው አለቃ ይመርጣሉ፤ ሹመቱ አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባላል። አለቃው ሜዳውን ይዘጋል። መዝጊያው እንደ ሣሩ አስተዳደግ ሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ሊረዝምም ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማጭድ ይዞ የወጣ፣ ከብት ያስገባ፣ ማገዶ የለቀመ ጥፋተኛ ነው። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራው ሜዳውን ይጠብቃል። መጠበቅ ውዴታ አልነበረም። ተራውን የዘለለ ይቀጣል፤ ነገሩ ሲከፋም ቅጣቱ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር። እማማ ይህን ስጠይቃት ዝም ካለች በኋላ «ቤት ሲቃጠል አላየሁም። ይቃጠላል ሲባል ግን ሰምቼ ነው ያደግሁት። መስማቱ ይበቃል» አለችኝ።

ሣሩ ደርሷል ብሎ አለቃው ሲያምን የመክፈቻው ቀን ይነገራል። የሚነገረው ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በለቅሶ ላይ። ጊዜው በጋ፣ ድርቁ የሚጠናበት ነው። መጀመሪያ የሚገባው ማጭድ ነው። ሁሉም የክዳን ሣሩን ካጨደ በኋላ ከብት ይገባል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ይመስላል፣ ግን አስቡት፦ ከብቱ ቀድሞ ቢገባ ክዳን የሚሆነው ሣር ተረግጦ ይበላሻል፤ ማጭዱ ቀድሞ ሲገባ ግን ለከብቱ ገና ብዙ ይቀራል። ከዚያ ክረምቱ ሲገባ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ሐምሌ 5 ቀን ሁሉም ከብቱን ይዞ ይወርዳል። ሜዳው እንደገና ይዘጋል። እንዲህ ያለ ደንብ የሚጽፍ ሰው ዛሬ ስብሰባ ጠርቶ፣ ሰነድ አዘጋጅቶ፣ አሥር ጊዜ ያሻሽለዋል። እነሱ ቀኑን ከጾም ጋር አሰሩት፤ ማንም ሊረሳው አይችልም።

ቤተ ክርስቲያኗ የነበራት ድርሻ ቀን መቁጠር ብቻ አልነበረም። ድንበሩ ሲከበር ታቦት ወጥቶ ነው። ከዚያ በኋላ ድንበሩን መጣስ ከጎረቤት ጋር ሳይሆን ከታቦቱ ጋር መጣላት ነው። ሌሊት ሜዳ ላይ ጠባቂ ባይኖርም ሌላ የሚያይ አለ። እኔ እንደማስበው ከቤት ማቃጠሉ ይልቅ ይኼ ሳይሠራ አይቀርም፤ ቤት ለማቃጠል መጀመሪያ ሌባውን መያዝ ያስፈልጋል።

እስካሁን የጻፍኩት ብዙ ሰው በአድናቆት የሚያወራው ነው፤ የአባቶች ጥበብ ምናምን። እኔም በአድናቆት እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ችግሩ አባቴ የአስቦም የጌራም ዘር አይደለም።

የአባቴ አባት ከግሼ በኩል የመጡ ሸማኔ ነበሩ። ሚስታቸውም ከዚያው ናቸው። ባና እየሸመኑ፣ መሬት እየተጋዙ ጌራ ምድር ውስጥ ጎጆ ቀለሱ። ጎጆዋ ክዳን ትፈልጋለች፤ ጓሳው ከበራቸው ይታያል፤ ጓሳው ግን የእነሱ አይደለም። ሜዳው ሲከፈት ጎረቤቱ ሁሉ ማጭዱን ስሎ ሲወጣ እሳቸው እሽመናቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። ሣር የሚያገኙት ባና ሸጠው ወይም በባና ለውጠው ነው። አባቴ ሕፃን ሆኖ፣ ሜዳው ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየበት አንድ ክረምት ላይ፣ ክዳናቸው አልቆ አልጋ ሥር እንደተኛ ያወራል። አልጋው ከላይ ይረጥባል፣ ሥሩ ይሻላል። ይህን ሲያወራ ይስቃል፤ እሳቸው ግን በሕይወት እያሉ ሲስቁበት አላየሁም። የእናቴ አያት በአንጻሩ የአስቦ ዘር ናቸው፤ በተራቸው ሜዳውን ሲጠብቁ ያደሩ ሰው። እናትና አባቴ ሲጋቡ በሽምግልናው ላይ «ልጃችሁን ከነሣሯ ነው የምንወስደው» የሚል ቀልድ ተነሥቶ ነበር አሉ። ያው ቀልድ ነው፤ የተቀለደው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለዚህ ቄሮ ጓሳን ያቆየው በፍቅር ብቻ አይደለም። ያቆየው ማን ገብቶ ማን እንደማይገባ አጥብቆ ስለሚያውቅ ነው። የውስጡ ሰው ሦስት ዓመት የሚታገሠው፣ እሱ የታገሠውን ሌላው መጥቶ እንደማያጭደው እርግጠኛ ሲሆን ነው። ያንን እርግጠኝነት የከፈሉለት እንደ አባቴ አባት ያሉ ሰዎች ናቸው።

ይህ ጥያቄ የመንዝ ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ የባዮሎጂ ምሁር የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ጻፈ፤ እያንዳንዱ እረኛ አንድ በሬ ልጨምር ይላል፣ ሜዳው ያልቃል። ጽሑፉ በጣም ዝነኛ ሆነ። ሃርዲን ያሰበው ሜዳ ግን አለቃ የሌለው፣ ጠባቂ የሌለው፣ ሐምሌ 5 የሌለው ሜዳ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል ምሁር ከዓለም ዙሪያ ምሳሌ እየሰበሰበች ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ባወጡት ደንብ ለመቶ ዓመታት ማቆየት እንደሚችሉ አሳየች፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ከምሳሌዎቿ አንዱ ቶርበል የሚባል የስዊዘርላንድ ተራራ መንደር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1517 በወጣ ደንብ ማንም ሰው በክረምት ቀልቦ ሊያሳድር ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ አይልክም። እማማ ይህን ስነግራት «ብልሆች ናቸው» አለች።

እንግሊዞች ግን ሌላ መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. ከ1604 እስከ 1914 ባሉት ዓመታት ፓርላማቸው ከ5,200 በላይ አዋጆች አውጥቶ 6.8 ሚሊዮን ኤከር ገደማ የጋራ መሬትና ክፍት ማሳ አሳጥሮ ለግል ባለቤቶች ሰጠ። ከዚህ ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ያለው ላክስተን የሚባል ትንሽ መንደር ነው። ሦስት ትልልቅ ማሳዎች አሉት፤ ገበሬዎቹ በየማሳው ውስጥ ቁራጭ ቁራጭ አላቸው፣ አንዱ ማሳ በተራው ያርፋል። ማሳዎቹን ቁራጭ በቁራጭ የሚያሳይ እ.ኤ.አ. በ1635 የተነሣ ካርታ አላቸው። በየዓመቱ ኅዳር አካባቢ ከመካከላቸው የተመረጡ ሽማግሌዎች ስንዴ የተዘራበትን ማሳ በእግራቸው ዞረው ድንበር የገፋውን ይለያሉ፤ በሳምንቱ የመንደሩ ችሎት ይቀጣዋል። ቅጣቱ ዛሬ ጥቂት ፓውንድ ቢሆን ነው። ታቦት የለም፣ ቤት ማቃጠልም የለም፤ ግን ሳነበው ሰዎቹን የማውቃቸው መሰለኝ። ለዘመናት ድንበር ለገፋ ጎረቤት ፍርድ የሚሰጥ መንደር፣ ቦታው የትም ይሁን፣ መንዝ ነው።

የኛ የ1967ቱ አዋጅ ከእንግሊዞቹ ተቃራኒ ነበር። እነሱ የጋራውን ለጥቂቶች ዘጉት፤ እኛ የጥቂቶቹን ለሁሉም ከፈትነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ፣ ጭሰኝነትን ሻረ፣ ገበሬውን በገበሬ ማኅበር አደራጀ። በደቡብ ላለው ጭሰኛ ይህ ከባርነት እንደመውጣት ነበር። ባለርስት በሆነው መንዝ ግን ነገሩ ተምታታ። ርስት ከተሻረ አጽመ ርስትም የለም፤ አጽመ ርስት ከሌለ አስቦና ጌራ የማን አባት ናቸው? አባ ቄራውስ በምን ሥልጣን ሜዳ ይዘጋል? ቄሮ በአንድ ጊዜ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ።

የአባቴ አባት በዚያ ዓመት ማጭድ ገዙ። አባቴ ይህን ጥሩ አድርጎ ያስታውሰዋል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማው ነው፣ ሣሩን የተሸከመው እሱ ነው። ጎጆዋ ሙሉ በሙሉ ባዲስ ሣር ተከደነች፤ በዚያ ክረምት አልጋ ላይ ተኙ። እማማን ስለዚሁ ጊዜ ብትጠይቋት ሌላ ታሪክ ትነግራችኋለች። «ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ። አንዱ ሲያጭድ ያየ ሌላው ‹እኔስ?› እያለ ወጣ። አባቴ ከደጃፉ ተቀምጦ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ያያል፤ ምንም አይልም። ምን ይበል? ሜዳው የሁሉ ነው ተብሏል።» ጥንቱን የማይገባው ገብቶ ብቻ አይደለም ሜዳው የተጎዳው፤ የቀድሞዎቹም ጠባቂዎች ማጭዳቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ካልወሰድኩት ያኛው ይወስደዋል ማለት ጀመሩ። ሃርዲን ያለው ሜዳ የመጣው ያኔ ነው፤ በጋራነቱ ሳይሆን ዳኛ በማጣቱ።

ሁለቱንም ታሪክ አምናቸዋለሁ። አንዱን መርጬ «አዋጁ ጓሳን አጠፋ» ብል አባቴን መልሼ አልጋ ሥር ማስተኛት ነው። «ቄሮ ጭቆና ነበር፣ ቀረልን» ብል ደግሞ በዚያ ሜዳ ላይ በብርድ ሲያድሩ የኖሩትን ሰዎች ሥራ መካድ ነው።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ እዚያ ሣር ሳይሆን የገብስ ማሳ በኖረ። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ለኔ ከአስቦና ከጌራ ፈረስም በላይ የሚገርመኝ ይኼኛው ክፍል ነው። በዙሪያው ያሉት የገበሬ ማኅበራት ሽማግሌዎች ሜዳው እያለቀ መሆኑን ሲያዩ፣ የአባ ቄራውን ሥራ በኮሚቴ ስም መሥራት ጀመሩ። ስሙ ከዘመኑ ጋር ይሄዳል፣ ሊቀ መንበር አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው። ይዘቱ ግን የድሮው ነው፤ መዝጋት፣ መጠበቅ፣ መቅጣት፣ ቀን ማስነገር። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ትልቁ ነገር። የመጠቀም መብት በዘር መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነት ሆነ። የአባቴ አባት ከአስቦ የልጅ ልጆች ጋር ተራ ገብተው ሜዳ ጠበቁ። አንድ ሌሊት ከእማማ ወንድም ጋር አብረው አድረው ሲመለሱ፣ ሁለቱም በአንድ ባና ተጠቅልለው እንደነበር ይወራል። ባናው የማን ሥራ እንደነበር መናገር አያስፈልግም። ኋላ ላይ ክልሉ ቦታውን የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው፤ ከማኅበረሰቡ የተውጣጡ ጠባቂዎች ተቀጠሩ፤ ከሜዳው ዳር የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ።

ቀበሮዋ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው፤ የጎለመሱት ከ500 አይበልጡም። የምትኖረው አይጥ በልታ ነው፤ አይጡ የሚኖረው ሣሩ ውስጥ ነው። ጭላዳውም የሚበላው ሣር ነው። ሜዳውን ሳይታረስ ያቆየ ሁሉ ሳያስበው እነዚህን አቆየ። ጓሳ ላይ ለዓመታት ጭላዳ ሲያጠኑ የቆዩ ተመራማሪዎች አንድ አስገራሚ ነገር አይተዋል፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆና አይጥ ስታድን 67 በመቶ ይሳካላታል፤ ብቻዋን ስታድን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን እስካልነካች ድረስ መሐላቸው ስትመላለስ አይሸሹም። በምን ውል እንደተስማሙ አይታወቅም። ይህን ለአያቴ ስነግራት ብዙም አልገረማትም፤ «ጎረቤት ናቸዋ» ብላ አለፈችው።

አሁን ጓሳን የሚያሰጋው ማጭድ ሳይሆን የማጭዱ መቅረት ሳይሆን አይቀርም። ቆርቆሮ መጥቷል። ቆርቆሮ አያፈስም፣ በየጥቂት ዓመቱ አይታደስም፣ ተራ ጥበቃ አይጠይቅም። ይበርዳል፣ ዝናብ ሲመታው ሰው አያነጋግርም፣ ግን ማንም ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ወደ ሣር ሲመለስ አላየሁም። የናይለን ገመድ ገበያ ላይ አለ፤ እረኛው ከጌሳ ይልቅ ላስቲክ ይለብሳል። ያን ሁሉ ብርድ አባቶች የታገሡት ቤታቸው እንዳያፈስ ነበር። ቤቱ ማፍሰሱን ሲያቆም፣ የሚያድረው ሰው ለምን ይደር? ለቀበሮ ብሎ ሌሊት የሚያድር ገበሬ አለ ብዬ ራሴን ማታለል አልፈልግም። ግጦሹ ግን አሁንም አለ፤ ድርቅ በመጣ ቁጥር ያ ሜዳ የመጨረሻው ጎተራ ነው። ከእንግዳ ማረፊያው የሚገኘውም ገቢ አለ፣ ሰላም ሲሆን። ሰላም ካልሆነ እንግዳ አይመጣም፤ ይህንን ለመንዝ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

እኔም ብሆን ከሚሄዱት ወገን ነኝ። በሕጉ ነዋሪ አይደለሁም፤ መብቴ በእማማ በኩል በዘር ቢቆጠር ኖሮ ይኖረኝ ነበር፣ በነዋሪነት ሲሆን ግን የለኝም። የአባቴን አባት ያስገባው ደንብ እኔን አስወጣኝ ማለት ነው። ይህን ለአባቴ በስልክ ስነግረው ሳቀና «ባና ሸምን» አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የአጎቴ ልጅ ደወለ። ቀኑ በቤተ ክርስቲያን ተነግሯል፤ ለማጨጃ የተወሰነውም ቀን ትንሽ ነው። ለማድ ቤቷ የሚበቃውን እሱ በራሱ ድርሻ እንዲያጭድና የቀን ሠራተኛ ሒሳብ እንድልክለት ጠየቅሁት። ከጀርባው የእማማ ድምፅ ተሰማኝ፤ ስልኩን ተቀበለችው። «ብርህን ተወው» አለች። «አንድ ሰው አጭዶ አንድ ሰው ካልተሸከመ ሣሩ በትከሻ አይመጣም። መሸከም የተከለከለ የለም።» ከሥራ ሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቄአለሁ። አለቃዬ ምክንያቱን የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ሣር» የሚለውን አይቶ ደግሞ ጠየቀኝ።